የተመረጡ ተማሪዎችን ስለሚመሩ መምህራን

ልጆችን ማስተማር ለአንድ አገር ተቀዳሚ ሥራ እንደሆነ ማንም የሚክደው አይደለም። ከተማሪዎችም ሁሉ መካከል አእምሮው ፈጥኖ የሚበራ፤ ከጓደኞቹ ቀድሞ የሚሄድ፤ የተሰጠውን ጨርሶ ሌላ የሚጠይቅ ልጅ በየዘመኑና በየአገሩ ይገኛል። እንደዚህ ያለውን ተማሪ ከመደበኛው በላይ የሆነ ልዩ ትምህርት ሰጥቶ ማሳደግ በሌላው ዓለም ባሉት ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ የማዕረግ ትምህርት ተብሎ የታወቀ ነው። በእኛም አገር በማዕረግ ተመረቀ የሚለው ቃል በየዓመቱ በምረቃ ቀን ይሰማል። ይሁን እንጂ ይህ ማዕረግ ብዙ ጊዜ በመጨረሻ የሚሰጥ ስም ነው፤ ከመጀመሪያ ተይዞ የሚኬድበት መንገድ ሲሆን አናይም። ተማሪው በራሱ ትጋት ነጥቡን ሰብስቦ ሲመጣ እናጨበጭብለታለን፤ በመንገዱ ላይ ሳለ ማን ይዞት እንደነበረ ግን አንጠይቅም።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣን ይኸው ነገር ነው። ተማሪን መምረጥ ቀላል ነው፤ ፈተና ይሰጣል፤ ነጥብ ይቈጠራል፤ ስም ይለጠፋል። የተመረጠውን መምራት ግን ከባድ ነው። ሕንፃው ቢያምር፤ መጽሐፉ ቢበዛ፤ ገንዘቡም ቢመደብ፤ የተማሪውን ሥራ በየጊዜው የሚሰማና የሚያርም ሰው ከሌለ ልዩ ትምህርት የተባለው ሁሉ ልዩ ስም ብቻ ሆኖ ይቀራል። ይህንንም ለመረዳት ባሕር መሻገር አያስፈልገንም፤ ምሳሌው በምሥራቅ ጎጃም፤ በብቸናና በሞጣ አገር፤ ከደጃችን ይገኛል።

ከደጀን ተነሥቶ በብቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን መንገድ የሄደ ሰው በግራው የጮቄን ተራራ፤ በቀኙ ወደ ዓባይ የሚወርደውን ቆላ እያየ ይጓዛል። በዚያ አገር ያሉት አድባራትና ገዳማት፤ ከብቸና አጠገብ ዲማ ጊዮርጊስ፤ ከዚያም ደብረ ወርቅ ማርያም፤ ንግሥት እሌኒ ያሠሩአት መርጡለ ማርያም፤ እስከ ሞጣ ጊዮርጊስ ድረስ፤ ከጸሎት ስፍራነታቸው ጋራ የትምህርት ስፍራ ሆነው ኖረዋል። ከሸዋና ከጎንደር፤ ከወሎና ከትግራይም ሳይቀር አኰፋዳውን አንግቶ፤ ዳባውን ለብሶ፤ በእግሩ ወደ ጎጃም የመጣው ተማሪ የመጣው የሕንፃ ዝና ሰምቶ አልነበረም። እገሌ የሚባሉ መምህር በእገሌ ደብር ጉባኤ ዘርግተዋል የሚለውን ወሬ ሰምቶ ነው። መምህሩ ወደ ሌላ ደብር የሄዱ እንደሆነ ተማሪውም ተከትሎ ይሄዳል፤ መምህሩ ያረፉና የሚተካቸው የታጣ እንደሆነ የተማሪዎቹ ጎጆዎች ይፈርሳሉ። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ መምህሩ ራሳቸው ነበሩ ማለት ይቻላል።

ሊቃውንቱ የሚያውቁትን እዚህ መድገማችን ሥርዓቱን ላላየ አንባቢ ስንል ነው። ተማሪው ንባቡንና ዳዊቱን ከጨረሰ በኋላ ወደ ቅኔ ቤት ሲገባ በመጀመሪያ 2 ቤት ባለው በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከዚያ 3 ቤት ወዳላቸው ወደ ዘአምላኪየና ወደ ሚበዝኁ ያልፋል፤ እንዲህ እያለ 8 ቤት እስካለው እስከ መወድስ ይወጣል። ሳይበቃ ወደሚቀጥለው አይሻገርም፤ ከበቃም ጓደኞቹን ጠብቅ ተብሎ አይያዝም። የኔታ በጉባኤው ፊት ቅኔ ይዘርፋሉ፤ ሰሙንና ወርቁን፤ ምሥጢሩንና አገባቡን ያስረዳሉ። ተማሪውም ወደ ጫካ ጥግ ወይም ወደ ወንዝ ዳር ብቻውን ሄዶ ይቈጥራል፤ ይኸውም የራሱን ቅኔ ሲያስብ ይውላል። ከዚያም ተመልሶ ያሰበውን በመምህሩ ፊት ይናገራል፤ ይህም ነገራ ይባላል። ሲናገርም ቃሉ የሰበረው፤ ምሥጢሩ የዘለለው፤ ቤቱ ያልሞላው ወዲያው ይነገረዋል፤ ይታረማል፤ እንደገና ይሄዳል።

የሥራው ሁሉ ልብ ያለው በዚህ ነገራ ላይ ነው። ትናንት የተነገረ ቅኔ ዛሬ አይነገርምና ተማሪው ከሌላው ሰርቆ ወይም በቃሉ አጥንቶ ሊያልፍ አይችልም። መምህሩም በዚያው ሥርዓት የታሰሩ ናቸው፤ አምና የዘረፉትን ዘንድሮ እየደገሙ ሊኖሩ አይችሉምና። ተማሪዎቹ አዲስ ነገር ሲያፈልቁ ሊመሩ የሚችሉት ራሳቸው በየዕለቱ አዲስ ነገር ሲያፈልቁ ስለሚታዩ ነው።

ነገር ግን ተማሪው የበዛ እንደሆነ አንድ መምህር ሁሉን ሊሰማ አይችልም። አምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለአምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፤ የኔታ ከነባሮቹ ተማሪዎች መካከል የበሰሉትን መርጠው አስነጋሪ ያደርጉአቸዋል። አስነጋሪው ጀማሪዎቹን ይሰማል፤ ያርማል፤ የከበደውን ወደ የኔታ ያመጣል። እርሱ ራሱ ከመምህሩ ይማራል፤ ከእርሱ በታች ያለውን ደግሞ ያስተምራል። ሹመቱንም ያገኘው በዝምድና ወይም በዕድሜ ብዛት እንዳይመስል፤ ዕውቀቱ በየቀኑ በተማሪዎቹ ፊት ይፈተናል፤ የማይችል አስነጋሪ ቢኖር ከ1 ሳምንት በላይ ሊደበቅ አይችልም። ነገ የራሱን ጉባኤ የሚዘረጋውም መምህር ከእነዚሁ አስነጋሪዎች መካከል ይወጣል። እንግዲህ በአንድ ሥርዓት ውስጥ ተማሪው ይመራል፤ መሪውም ይዘጋጃል።

ከዚህ ሥርዓት የወጣው ፍሬ የታወቀ ነው። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ተወልደው፤ በደብረ ኤልያስ፤ በደብረ ወርቅና በዲማ ቅኔ ተምረው ካደጉ በኋላ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ተሻገሩ፤ በአርበኝነት፤ በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት አገራቸውን አገለገሉ፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመው ፍቅር እስከ መቃብር የተባለው መጽሐፋቸውም የዲማን አገርና የቅኔ ተማሪን ኑሮ ለትውልድ አቈየ። እንዲሁም እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ገና በልጅነታቸው ዓይናቸው ጠፍቶ ሳለ የቅኔ መምህር ከነበሩት ከአባታቸው ተምረው፤ ከአባታቸውም በኋላ በጎጃም ጽላሎ ወንበሩን ተቀብለው ብዙ ወንዶች ተማሪዎችን ለመምህርነት አብቅተዋል። እኒህ ሴት የታላቅ ጉባኤ መሪ የሆኑት ዕውቀታቸው በጉባኤው ፊት ታይቶ ነው።

ይህን ስንል ቅኔ ቤት ጕድለት አልነበረበትም ማለታችን አይደለም። ተማሪው በራብና በውርጭ ተፈትኖ ብዙው በመንገድ ቀርቷል፤ የመምህሩ ዱላ አንዳንዱን አስመርሮ አባርሯል፤ እማሆይ ገላነሽን የመሰሉ ሴቶች ለመቈጠር ጣት የማይሞሉ መሆናቸውም በሩ ለሴት ልጅ ተዘግቶ እንደኖረ ያስረዳናል። ጕድለቱን ትተን የሚበጀውን ብንወስድ ግን የሚነቅፈን አይኖርም።

ደግሞም የሌላው ዓለም ሊቃውንት ለዚሁ ጥያቄ የሰጡት መልስ ከዚህ የራቀ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ተማሪው በየሳምንቱ የራሱን ጽሑፍ ጽፎ ወደ መምህሩ ይሄዳል፤ መምህሩም ሰምቶ ይነቅፈዋል፤ ያርመዋል። ፍራንክ አይዴሎት የተባለው አሜሪካዊ በዚያ ተምሮ ከተመለሰ በኋላ በፔንሲልቬንያ የሚገኘው የስዋርትሞር ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሆነና እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1922 በኮሌጁ የማዕረግ ትምህርት አቋቋመ። ትጉሃን የሆኑት ተማሪዎች በመጨረሻዎቹ 2 ዓመታት ከተራው ክፍል ወጥተው በትንንሽ ጉባኤ ከመምህራኖቻቸው ጋራ ይከራከራሉ፤ ሲጨርሱም የሚፈትኑአቸው ከሌላ ስፍራ የተጠሩ ሊቃውንት ናቸው። ያስተማረው መምህር ራሱ ዳኛ አይሆንምና መምህሩና ተማሪው በአንድ ወገን ቆመው ለፈተናው አብረው ይደክማሉ። በአሜሪካ አገር ብዙዎቹ የማዕረግ ትምህርቶች ይህንኑ አርአያ ተከትለው የተስፋፉ ናቸው። የዚህም ሰው ሥራ የሚያስተምረን አንድ ነገር አለ፤ ልዩ ትምህርት የሚጸናው የመምህሩ ጊዜ ለጥቂት ተማሪዎች ሲከፈል ነው።

በአገራችንም ቢሆን ነገሩ አልተጀመረም አይባልም። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት የተማሪዎቹ ቍጥር ጥቂት ስለነበረ መምህራኑ እያንዳንዱን በስሙ ያውቁት ነበር። ኮሌጁ በ1954 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት ካደገ በኋላም ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ ልጆች በልዑል በዕደ ማርያም ትምህርት ቤት ተሰብስበው ለከፍተኛ ትምህርት ይዘጋጁ ነበር። ዛሬም ዩኒቨርሲቲዎቻችን ብልጫ ያላቸውን ምሩቃን ረዳት ምሩቅ ብለው ለመምህርነት ያስቀራሉ። ይህ ረዳት ምሩቅ የቅኔ ቤቱ አስነጋሪ ወንድም መሆን ይገባው ነበር። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚሆነው ሌላ ነው፤ ወጣቱ በተመረቀ በወሩ ብዙ ተማሪ በሞላበት ክፍል ፊት ብቻውን ይቆማል፤ እርሱን የሚሰማውና የሚያርመው ታላቅ መምህር ከአጠገቡ የለም። ከላይ የሚመራው ሳይኖር ከታች ያለውን ምራ መባሉ ለእርሱም ለተማሪዎቹም ጉዳት ነው።

ነገሩ ምን ያህል የሚያስቸኵል እንደሆነ ቍጥሩ ራሱ ይናገራል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከግማሽ በላይ ነጥብ ያገኙት በ2014 ዓ.ም. ከመቶ 3.3፤ በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2፤ በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4፤ በ2017 ዓ.ም. ከመቶ 8.4 ብቻ ነበሩ። ይህ ቍጥር ስለ ወደቁት ብዙ አነጋግሯል፤ ስለዚያም መነጋገር የተገባ ነበር። ግን በዚያ ጠባብ በር አልፈው ወደ ዩኒቨርሲቲ የገቡት ጥቂቶች እንዴት ተያዙ ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂው ሁሉ የመውጫ ፈተና እንዲወስድ መደረጉ መልካም ነው፤ ሆኖም ፈተና ሚዛን ነው፤ ሚዛን የእህሉን ክብደት ይነግረናል እንጂ እህሉን አያበቅልም።

አንዳንድ ሰዎች፤ የብዙዎቹ ትምህርት ሳይሟላ ለጥቂቶች ልዩ መምህር መመደብ ፍትሕ አይደለም ይላሉ። ይህ አሳብ ከቅን ልብ የሚወጣ ስለሆነ በንቀት ሊታለፍ አይገባም። ነገር ግን ሀብታም አባት ለልጁ ልዩ መምህር በገንዘቡ ይቀጥርለታል፤ ከዕውቀት ቢጐድልም ወደ ውጭ አገር ይልከዋል። መንግሥት ለተመረጡት መሪ ባይሰጥ የሚጐዳው እንግዲህ ሌላ ማንም ሳይሆን በብቸና ገጠር ከብት እየጠበቀ የሚያነበው፤ በሞጣ ገበያ ቀን እናቱን እየረዳ የሚያጠናው የድኻ ልጅ ነው። ከዚህም በላይ በአስነጋሪነት የሠለጠነ ተማሪ ለብዙዎቹ መምህር ይሆናል፤ ለጥቂቶች የተከፈለው ድካም ዞሮ ለብዙዎች ይደርሳል። ጎጃምን የመምህራን ምንጭ ያደረጋት ይኸው ነው።

እንግዲህ በጉዳዩ ላይ ሥልጣን ላላቸው ሁሉ አሳባችንን በአጭሩ እናቀርባለን። 1ኛ፤ የተመረጡ ተማሪዎችን የሚመራ መምህር በራሱ ሙያ ዛሬም የሚሠራ፤ የሚመራመርና የሚጽፍ ይሁን፤ ሹመቱም የባልደረቦቹን ምስክርነት ያገኘ ይሁን፤ የሥራ ክፍት ቦታ ለመሙላት ብቻ አይሾም። 2ኛ፤ የሚመራቸው ተማሪዎች እያንዳንዳቸውን በየሳምንቱ ሊሰማቸው በሚችል ቍጥር የተወሰኑ ይሁኑ፤ ለዚህም የሚያውለው ሰዓት እንደ ሙሉ ሥራ ተቈጥሮ ከሌላው የማስተማር ሸክም ይቀነስለት። በትርፍ ጊዜው ይሥራው ማለት አይሠራ ማለት ነው። 3ኛ፤ ከነባር ተማሪዎች መካከል አስነጋሪዎች ይመረጡ፤ ለድካማቸውም መጠነኛ አበልና የሥራ ምስክር ይሰጣቸው። 4ኛ፤ በመጨረሻ የሚፈትኑአቸው ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የተጠሩ መምህራን ይሁኑ። 5ኛ፤ የመሪው ሥራ የሚመዘነው ባቀረበው ሪፖርት ውፍረት ሳይሆን ከእጁ የወጡት ተማሪዎች በ5 ወይም በ10 ዓመት ውስጥ በደረሱበት ስፍራ ይሁን።

ከዚህ ጋራ አንድ ልዩ ነገር እንጨምራለን። በደብረ ማርቆስ በ1999 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በዙሪያው በዲማ፤ በደብረ ወርቅ፤ በመርጡለ ማርያምና በሞጣ አገር ደግሞ ከእርሱ ብዙ መቶ ዓመት የሚቀድም የመምራት ጥበብ አለ። ሁለቱ እንደማይተዋወቁ ጎረቤቶች ሆነው መኖራቸው የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚያሰኝ ነው። የቅኔ መምህራን ወደ ዩኒቨርሲቲው ተጠርተው ነገራ እንዴት እንደሚደረግ ቢያሳዩ፤ ወጣቶቹ ረዳት መምህራንም ወደ ጉባኤው ሄደው ጥቂት ሳምንት ተቀምጠው ቢመለከቱ፤ ሁለቱም ወገን ያተርፋል። ካህናቱም ተማሪዎቻችንን ዘመናዊው ትምህርት ወሰደብን ብለው ከማዘን ይልቅ የማስተማር ሥርዓታቸው በሌላ ወንበር ሲቀጥል ቢያዩ ደስ ሊላቸው ይገባል።

ይህ ሁሉ ግን መምህራኑ ካሉ ነው። በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በአዋጅ ቍጥር 31 ሲታወጅ ብዙ ጭሰኛ ከቀንበር ወጥቷል፤ ይህም ታላቅ ነገር ነበር። ነገር ግን የደብሩ መሬት ሲቀር ከመሬቱ ይተዳደር የነበረው መምህርም መተዳደሪያው ተቋረጠ፤ በፋንታው የሚበቃ ደመወዝ አልተተካለትም። ከዚያ ወዲህ ጉባኤው የኖረው በሕዝቡ ቍራሽና በመምህሩ ትዕግሥት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፤ ብዙ መምህራን ከስፍራቸው ተፈናቅለው፤ ብዙ ልጆች ከትምህርት ርቀዋል። በዚህ ዘመን ከትምህርት ገበታ የቀረው ልጅ መካከል ነገ አስነጋሪ፤ ከነገ ወዲያም የጉባኤ መሪ ሊሆን የሚችለው ይገኝበታል። የፈረሰ ክፍል በ1 በጋ ይሠራል፤ አንድ መምህር ለማብቃት ግን ከ10 ዓመት በላይ ያስፈልጋል፤ በመካከሉ አንድ ትውልድ ቢዘለል ደግሞ ከማን ዘንድ ሄዶ ይማረዋል?

ስለዚህ በትምህርት ጉዳይ ላይ የተሾማችሁ ሹማምንት፤ በየደብሩም ያላችሁ ሊቃውንትና ካህናት፤ የተመረጡ ተማሪዎችን ዝርዝር ስታዘጋጁ ከዝርዝሩ ራስ ላይ የሚመራቸውን ሰው ስም ጻፉ። ያ ስም ከሌለ ዝርዝሩን ገና አልጨረሳችሁትም። ስሙም ከተገኘ፤ ኑሮውን አስቡለት፤ ጊዜውን ጠብቁለት፤ ረዳቶቹን ስጡት፤ ከዚያም ፍሬውን ጠይቁት። የብቸናና የሞጣ አባቶች በጎጆ ውስጥ ተቀምጠው፤ ያለ ገንዘብና ያለ ሕንፃ ያንን ፍሬ ማፍራታቸው፤ ገንዘቡና ሕንፃው ላለን ለእኛ የሚተውልን ምክንያት እንደሌለ ያስረዳልና።